የሃምሳ አለቃው ፊልም፤ ከሂርና እስከ ድሬ ጠያራ

ሐረር ለመድረስ የሚቸኩል ሰው ሂርናን በመስኮት አይቷት ያልፋል። የእኔ ጉዞ ግን የጀመረው እዚያ ነው። ጭሮን ለቀን የጨርጨርን ዳገት ስንወጣ ማሽላው በእርከን በእርከን ተደርድሮ፣ ጫቱ በየጓሮው አረንጓዴ ሆኖ፣ ደመናው ከመንገዱ በታች ተኝቶ አየሁትና ሾፌሩን «ሂርና ላይ ትንሽ እንቁም» አልኩት። የፊልም ድርሰት እጽፋለሁ። የአገራችንን የመጀመሪያ ቲያትር የጻፉት ሰው ሲያለሙት የኖሩትን አፈር ሳልረግጥ ማለፍ አልፈለግሁም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ወታደር ነበሩ። ስለ ቲያትራቸው ሲወራ ይህ ቶሎ አይነሳም፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ገና በልጅነታቸው ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ወደ ዓድዋ ሲዘምት ጢም ሳያበቅሉ አብረው ሄዱ። ከዚያ ወደ ሩሲያ ተሻግረው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ የመኮንንነት ማዕረግም አገኙ። አገራቸው ተመልሰው የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ በማድረግ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቲያትር ጻፉ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሹማምንቱ ነበርና ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፤ ታገደ። እሳቸው ግን ብዕሩን አልጣሉትም። የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተከራከሩ፤ በስደት ማዳጋስካር ድረስ ሄደው ተመለሱ፤ በስተርጅናቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። ያ መጽሐፍ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ስናነበው፣ መድፈኛው ሰውዬ አንድን ሁኔታ እንዴት አድርገው በዓይናችን ላይ እንደሚያቆሙት አይተን ተደነቅን።

ስለዚህ «ወታደር ምን አውቆ ይጽፋል» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የምመልሰው አንድ ነው። የኢትዮጵያን ድራማ የጀመረው ወታደር ነው፤ ያሳደገውም ሐረር ነው።

ከሂርና በኋላ ጨለንቆና ቁልቢ አሉ፤ ከዚያ ሐረማያና አወዳይ። አወዳይ ላይ ጫት የጫነው አይሱዙ ሁሉ መንገዱ የእኔ ነው ብሎ ይበራል። እዚያ ብዙ አልቆየሁም፤ ልቤ ቀድሞኝ ሐረር ገብቶ ነበር።

ሐረርን የማይወድ ሰው አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ከወዳጅነት አልፌ ተሸንፌላታለሁ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ዛሬም ከተማዋን አቅፏት ቆሟል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ከነስማቸው አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችን ቆጥሯል። ቁጥሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ስትሄድ ግራህ ሐምራዊ፣ ቀኝህ አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ፣ ከሚቀጥለው መታጠፊያ በስተጀርባ ቡና ሲቆላ ሸትቶህ፣ አንዲት እናት ከደጃፋቸው «ግባ፣ ምን ትቆማለህ» ሲሉህ ግን ሌላ ነው። ሐረር እንግዳን አትጠራጠርም። አቦ ብላ ትቀበለዋለች።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው ቀጭኑ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የሲንጀራቸውን እግር ይረግጣሉ፤ መንገዱ ሁሉ ይንጫጫል። እዚያ ነው ካፖርቱን ያየሁት። ያረጀ የወታደር ካፖርት ነው፤ ቀለሙ ወደ አመድ የሄደ፣ የነሐስ ቁልፎቹ ግን ተወልውለው የሚያበሩ። ልብስ ሰፊው ገበሩን ቀዶ አዲስ ገበር እየሰፋለት ነበር። ቆሜ ሳይ ቀና ብሎ «ልትገዛው ነው እንዴ?» አለኝ። የለም፣ የማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው አልኩት። ፊልም እንደምጽፍ፣ የወታደር ታሪክ እንደምፈልግ ነገርኩት።

«አቦ፣ ታሪክ ከፈለግህ ካፖርቱን ምን ያደርግልሃል? ባለቤቱን ጠይቅ» አለኝ። «ድሬ ጠያራ ነው ያሉት። ሃምሳ አለቃ ናቸው። ዛሬ ከሰዓት በባጃጅ እልክላቸዋለሁ፤ አንተው ይዘህላቸው ሂድ።»

ካፖርቱ እስኪያልቅ ከግንቡ ወጥቼ አዲሱን ከተማ ዞርኩ። ብዙ ጎብኚ የሚያውቃት ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለችው ናት፤ የሼኮቹ፣ የነጋዴዎቹ፣ የጅቡ፣ የገጣሚው የራምቦ ቤት። ከግንቡ ውጭ ያለችው ሐረር ደግሞ የወታደር ከተማ ነበረች። የሦስተኛው ክፍለ ጦር መቀመጫ እዚህ ነበር። ጄኔራል አማን አንዶም «የበረሃው አንበሳ» የተባሉት ይህን ክፍለ ጦር ይዘው በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር አካዳሚም እዚህ ነበር። አስተማሪዎቹ የህንድ መኮንኖች ነበሩ። ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ጎበዙ ተመርጦ ሐረር ይገባል፤ መኮንን ሆኖ ይወጣል። በኋላ የአገሪቱን ዕጣ ከወሰኑት ሰዎች መካከል በዚያ ደጃፍ ያለፉ ነበሩ። ሌተና ኮሎኔል ፍስሐ ደስታ አንዱ ናቸው፤ ያዩትንና ያደረጉትን «አብዮቱና ትዝታዬ» በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል።

ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስምም ሥሩ ሐረር ነው። አባ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲሄድ ያን ስም ይዞ ባሕር ተሻገረ። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው ዘማቹን በትርኢት ሲያዝናኑ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች» ሲሉን የሰማነው ድምፅ ቀደም ሲል በምሽግ የደከመ ወታደርን አዝናንቷል።

እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ። ሠራዊታችን ለኪነ ጥበብ ባዕድ አልነበረም። ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ነው የወጡት። የድሬዳዋው ልጅ አሊ ቢራም አዲስ አበባ ሲመጣ የተቀበለው ያው ኦርኬስትራ ነው። ይህ ሁሉ ድምፅ እንዲሁ አልበቀለም። ሠራዊቱ ወጣቱን በደመወዝ ቀጠረው፤ መሣሪያ ሰጠው፤ ከሁሉ በላይ ኖታ የሚያውቅ አስተማሪ አጠገቡ አስቀመጠለት። ስህተቱን ጆሮው ሥር ቆሞ የሚነግረው ሰው ነበረው። ታሪክ ለመጻፍ ለሚፈልገው ወታደር ግን እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ አልተቀመጠለትም። ሊዘፍን የሚችለው ተሰልፎ ተማረ፤ ሊጽፍ የሚችለው ብቻውን ቀረ።

ብቻቸውን ሆነውም ጽፈዋል፤ ይህን ማንም አይካድባቸው። የሻለቃ ማሞ ለማን «የወገን ጦር ትዝታዬ»፣ የብርጋዲየር ጄኔራል ካሳዬ ጨመዳን «የጦር ሜዳ ውሎዎች»፣ የታደሰ ቴሌ ሳልቫኖን «አይ ምፅዋ» ያነበበ ሰው የዚህ ሠራዊት ልጆች ስንት ነገር እንደተሸከሙ ያውቃል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ትናንት መትረየስ ተሸክሞ የነበረው ሰው በማግስቱ የሰው በር ጠባቂ ሆነ፤ ሌላው አውቶብስ ተራ ሸክም ያዘ፤ አንዳንዱ ልመና ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ መጽሐፍ ማሳተም የቻለው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛውም መኮንን ነው። ተራው ወታደር ቃሉን ይዞ ቤቱ ገባ። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ካፖርቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። የከተማው ጫጫታ በጥቂት ደቂቃ ከኋላ ቀርቶ ማሽላና በቆሎ፣ ጫት፣ የድንጋይ አጥር፣ ከብት የሚነዱ ልጆች ይተካሉ። አየሩ ደረቅና ንጹሕ ነው፤ ሰማዩ ሰፊ ነው። የባጃጁ ልጅ በኦሮምኛ እየጠየቀ ቤቱን አገኘልኝ።

ሃምሳ አለቃ ሽርጥ አገልድመው ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ። ካፖርቱን ተቀብለው መጀመሪያ ገበሩን አዩ፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ሳብ ሳብ አደረጉ፤ ከዚያ ነው ወደ እኔ የዞሩት። «አንተስ? አዲሱ ተላላኪ ነህ?» አሉኝ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ለረዥም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸውና ሃምሳ አለቃ ሳቁ። «ይህ ሰውዬ ሌሊት ለኮርኒሱ ከሚያወራ ለአንተ ያውራ፤ እኔም ልተኛበት፤ ነው የምትለው» ብለው ተረጎሙልኝ።

ሆጃ መጣ፤ በወተት የፈላ የቡና ቅጠል፣ ጨው ጣል የተደረገበት። ከዚያ ቡናው ተፈላ። ሃምሳ አለቃ ባዶዎቹን ስኒዎች ከረከቦቱ ላይ አንድ በአንድ አንስተው መሬት ላይ መደርደር ጀመሩ። «ይሄ ሐረር ነው። ይሄ ባቢሌ። የስኳር ዕቃው ጅጅጋ ይሁን።» ከሐረርና ከጅጅጋ መካከል ሁለት ስኒ ገልብጠው አቆሙ። «ካራማራ። መንገዱ በዚህ መሀል ነው የሚያልፈው። ሌላ የለም።»

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን አጥለቀለቀው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች፤ ካራማራም ተለቀቀ። የወራሪው ጦር እስከ ሐረር አፋፍ ደረሰ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም በየዓመቱ እንሰማለን፤ ሚሊሺያው ከታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወጣ፣ የኩባ ወታደሮች ደረሱ፣ ሄሊኮፕተሮች ተራራውን አሻግረው ጦርና መሣሪያ ከጠላት ጀርባ አወረዱ፣ የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ነፃ ወጣች። የካራማራ ድል ይህ ነው።

«ስለ ድሉ ሁሉም ይጠይቀኛል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «የቀበሌው ሰው ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል፣ የካቲት በደረሰ ቁጥር። እኔ የሚሰማኝ ካገኘሁ የማወራው መስከረምን ነው። ያፈገፈግንባትን ሌሊት። እሷን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ጠየቅኋቸው።

መጀመሪያ እንደ ዘገባ ነገሩኝ። ስንት ሰዓት ላይ ትእዛዝ እንደመጣ፣ የትኛው ሻምበል ከፊት እንደነበረ፣ ከባድ መሣሪያው የት ላይ እንደቀረ። ከዚያ አንድ ጓደኛቸው ሆዱን መመታቱን ነገሩኝ። «በጣም አዘንኩ፤ በጣም ተጨነቅሁ» አሉ። በዚያው አልፈውት ወደሚቀጥለው ኮረብታ ሊሄዱ ሲሉ አስቆምኳቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ሩቅ ቆሜ በባትሪ ብርሃን ባያችሁ ኖሮ ማዘንዎን በምን አውቅ ነበር? እጅዎ ምን ይሠራ ነበር?»

ዝም አሉ። አንድ ስኒ አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡ።

«ኮዳ ነበረኝ» አሉ። «ውሃ ነበረው፤ ግማሽ ድረስ። ውሃ ስጠኝ አለኝ። ሐኪማችን ደግሞ ሆዱን ለተመታ ሰው ውሃ አይሰጥም ብሎናል። ክዳኑን ከፈትኩ። ዘጋሁ። እንደገና ስጠኝ አለኝ። ከፈትኩ። ዘጋሁ። ሦስት ጊዜ። ሲነጋ እሱ የለም። ውሃውን መሬት ላይ ደፋሁት። ሌላ ጓድ ጠምቶት ነበር እኮ፤ ለእሱ መስጠት እችል ነበር። ደፋሁት።»

ባለቤታቸው ጀበናውን ይዘው ቆመው ነበር። ይህን ታሪክ በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን ሰምተውት እንደማያውቁ ከፊታቸው አነበብኩ።

በሙያዬ ብዙ ስክሪፕት አንብቤአለሁ። እንዲህ ያለ ትዕይንት የያዘ ጥቂት ነው ያየሁት። ፊልም የሚያሳየው የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ነው፤ «በጣም አዘንኩ» ለካሜራ ምንም አይነግረውም። የኮዳው ክዳን ግን ትእዛዙንም፣ ፍቅሩንም፣ አቅም ማጣቱንም በአንዴ ይናገራል። ሃምሳ አለቃ ይህን ሁሉ ዘመን ይዘውት ኖረዋል። የጎደላቸው እጅዎ ምን ይሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነበር።

አሜሪካኖች ይህን ነገር ሥርዓት አበጅተውለታል፤ የምናገረው እኛም ማድረግ እንደምንችል አምኜ ነው። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የጸሐፍት ማኅበር ፋውንዴሽን የቀድሞ ወታደሮችን የሚያሠለጥንበት የጽሑፍ መርሐ ግብር አለው። ከሠራዊቱ የወጡ ጀማሪ ጸሐፊዎች ቅዳሜና እሑድን በጋራ ተቀምጠው ይጀምራሉ፤ ከዚያ በየወሩ እየተገናኙ የጻፉትን ያነባሉ፤ ያርማሉ። መካሪዎቻቸው በቴሌቪዥንና በፊልም የሚሠሩ ጸሐፊዎች ናቸው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው፣ ደጋግሞ መገናኘት።

ከዚያም በፊት መንግሥታቸው ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦርነት የተመለሰው ወታደር በነፃ የሚማርበትን ሕግ አውጥቶ ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ በፓራሹት ጦር የተዋጋው ሮድ ሰርሊንግ በዚያ ዕድል ተምሮ ስሙ የገነነ የቴሌቪዥን ጸሐፊ ሆነ። ኦሊቨር ስቶን ከቬትናም ቆስሎ ተመልሶ በዚያው ድጋፍ ኒውዮርክ ፊልም ሲማር ከአስተማሪዎቹ አንዱ ማርቲን ስኮርሴዚ ነበር። «ፕላቱን» የተባለው ፊልሙ በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወጥቶ በዓመቱ የምርጥ ፊልም ኦስካርን አገኘ። ስለ ስቶን ሲወራ ጀግንነቱና ተሰጥኦው ይነሳል። እኔ የማስበው ያንን የመማሪያ ክፍል ነው። ቬትናም የዘመተው ብዙ ነው፤ ስኮርሴዚ ፊት የተቀመጠው ግን ጥቂት ነው።

እኛስ ምን ጎደለን? የቲያትር ጥበባት ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ልጅነቱን ሐረር ያሳለፈው መንግሥቱ ለማ እዚያ የተውኔት አጻጻፍ አስተምሯል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር በታክሲ የሚደረስበት ነው። በየዓመቱ ሲኒማ ቤት የሚገቡ የአማርኛ ፊልሞችን የሚጽፉ ጓደኞቼ «ታሪክ አለቀብን» እያሉ የፍቅር ሦስት ማዕዘን ይደጋግማሉ። የጦርነት ፊልም አንሞክርም፤ ታንክ ከየት እናመጣለን ይላሉ። የሃምሳ አለቃው ትዕይንት ታንክ አያስፈልገውም። አንድ ኮረብታ፣ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ኮዳ ይበቃዋል። ውድ የሚሆነው ጽሑፉ ሳይኖር ሲቀር ነው።

በጥብቅ የማስጠነቅቀው ነገርም አለ። ቁስል ያለበትን ሰው ለፊልም ሲባል መጎርጎር ነውር ነው። መካሪ የሚሆን ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ አለበት። ሃምሳ አለቃ ያን ሌሊት ከነገሩኝ በኋላ ማስታወሻዬን ዘግቼ ስለ ማሽላው ጠየቅኋቸው፤ ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ጫት ዋጋ ተማረሩ። ደግመው ካላነሱት አላነሳውም ብዬ ወስኜ ነበር። ታሪኩ የእሳቸው ነው። ፊልም ከሆነም ስማቸው ጸሐፊ ተብሎ መውጣት አለበት፤ «ሐሳብ ያካፈሉ» ተብሎ በመጨረሻ በጥቃቅን ፊደል መውጣቱ ስርቆት ነው። ቋንቋም እንደዚሁ። በአማርኛ የዘመተ አለ፤ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ የሚያስታውስ አለ። ከካራማራ ወዲያ ማዶ የነበረውም ወታደር ኮዳ ነበረው። በቅርቡ ካለፍንበት ጦርነት የተመለሱ ወጣቶች ደግሞ ዛሬ በየመንደሩ ተቀምጠዋል። እነሱም ሃምሳ አለቃ የቆዩትን ያህል እንዲቆዩ መተው የለብንም።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ስሄድ ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ወጥቶ አገኘሁት። የልጅ ልጃቸው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተር ከፍቶ ተቀምጧል። ሃምሳ አለቃ እንደ ጽሕፈት ቤት አለቃ ይናገራሉ፤ ልጁ ይጽፋል። ገና ደህና አደራችሁ ሳልል «ስማ፣ አንድ ገጽ ስንት ደቂቃ ነው?» አሉኝ። በልማድ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው አልኳቸው። «ታዲያ መቶ ገጽ በቃ ማለት ነው» ብለው ልጁን «መቶ ገጽ ነው፤ እጅህን አሠልጥን» አሉት።

የጻፉትን አየሁ። ልጁ «ሌሊት። ተራራ። ወታደሮች እየሄዱ ነው» ብሎ ጀምሯል። በእርሳስ ጎኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፤ ጫማቸው ምን ዓይነት ድምፅ አለው? ሃምሳ አለቃ አነበቡትና «ድምፅ የለውም» አሉ። «ጫማችንን በጨርቅ ጠቅልለን ነበር። በቀሚስ ጨርቅ። ከጅጅጋ ገበያ የተገዛ ነው፤ አበባ ያለበት።» ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። «አያቴ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ እግራችሁ ላይ?» «አዎ፤ ጻፈው!»

ከዚያ ክርክር ተነሳ። እኔ ፊልሙ ከማፈግፈጉ ቢጀምር አልኩ፤ ተመልካቹን ከመጀመሪያው ደቂቃ ይይዘዋል። ሃምሳ አለቃ እምቢ አሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ከደመወዝ ቀን ነው። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጅጅጋ፣ ጓደኛቸው ከሻይ ቤቷ ሴት የተበደረውን ሊከፍል ሄዶ፣ ሳንቲም ጎድሎት፣ ማስያዣ ብሎ ኮዳውን ጥሎላት መጣ። በኋላ እሳቸው ናቸው ዕዳውን ከፍለው ያስመለሱለት፤ ሊሰጡት ሲሉ ግን «አንተ ያዘው፤ እኔ ዘንድ ካለ እንደገና አስይዘዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

«ኮዳው የእሱ ነበር ማለትዎ ነው?» አልኩ።

«የእሱ ነበር እንጂ! ትናንት አልነገርኩህም?»

አልነገሩኝም ነበር። ፊልሙ ከደመወዝ ቀን እንዲጀምር ተስማማሁ፤ ሃምሳ አለቃም የሻይ ቤቷን ሴት ስም ለማስታወስ ጅጅጋ ያለ የቀድሞ ጓዳቸውን ስልክ ቁጥር ከልጅ ልጃቸው ሞባይል ላይ ማስፈለግ ጀመሩ።